«እውነተኛው ወግ አጥባቂ የትኛው ነው?» ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘሁትም በቅርቡ ነው። በሃይማኖቴም ሆነ በቤተሰብ ጉዳይ ባለኝ አቋም ራሴን ከወግ አጥባቂዎች ወገን እቆጥራለሁ። ነገር ግን ወግ አጥባቂ ነኝ የሚለው ሁሉ በዩክሬን፣ በኢራን፣ በቀረጥና በስደተኞች ጉዳይ እርስ በርሱ ሲወጋገዝ እሰማለሁ። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛው ወግ አጥባቂ የትኛው ነው? ትራምፕ ከሥልጣን ሲወርዱ ፓርቲው ወደ ሬገን ዘመን ይመለሳል? ድምፄንስ በምን መዝኜ ልስጥ?»

ጥያቄው ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ይዞ ስለመጣ መልሱ ከእርማት ይጀምራል። አንደኛው፣ ወጥ የሆነ የአሜሪካ ወግ አጥባቂነት ቀድሞ ነበረ፤ በኋላ ግን ተሰነጠቀ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሰነጠቁት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው የሚለው ነው። ከታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የምናውቀው እንቅስቃሴ ቅርጽ የያዘው ዊልያም ባክሊ ናሽናል ሪቪው የተባለውን መጽሔት በ1955 ካቋቋሙ ወዲህ ነው። በመጽሔቱ ዙሪያ የተሰባሰቡት ሰዎች በሦስት ወገን የሚመደቡ ነበሩ፦ መንግሥት እጁን ከገበያ ያውጣ የሚሉ፣ ሃይማኖትና ትውፊት ካልተጠበቁ ኅብረተሰብ አይቆምም የሚሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሶቪየት ኅብረትን መመከት ይገባል የሚሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በተፈጥሯቸው የሚግባቡ አይደሉም፤ ልቅ የተለቀቀ ገበያ ትውፊትንም ሆነ የሰንበትን ዕረፍት ከሸቀጥ አይለይምና። ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንዱ የነበሩት ፍራንክ ማየር ሁለቱን ለማስታረቅ ያቀረቡት ሐሳብ፣ በጎ ምግባር ዋጋ የሚኖረው ሰው በነጻ ፈቃዱ ሲመርጠው ስለሆነ መንግሥት ነጻነትን ይጠብቅ፣ ምግባርን ማስተማሩ ግን የቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ይሁን የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ያን ጊዜም ቢሆን ያልተዋጠላቸው ብዙዎች ነበሩ። በእኔ ግምት ሦስቱን ወገኖች ለ35 ዓመታት አንድ ላይ ያቆያቸው የማየር ፍልስፍና ሳይሆን የሞስኮ ፍርሃት ነው።

በ1980ዎቹ ፕሬዚዳንት ወደነበሩት ወደ ሮናልድ ሬገን ዘመን መመለስ ሲባልም የትኛው ሬገን እንደሆኑ መለየት ያስፈልጋል። በየምርጫ መድረኩ ስማቸው የሚነሣው ሬገን ግብር የሚቀንሱ፣ ለነጻ ንግድ የሚሟገቱ፣ ከአቋማቸው ፍንክች የማይሉ ሰው ናቸው። በነጩ ቤተ መንግሥት የነበሩት ሬገን ግን በ1981 የቀነሱትን ግብር ከፊሉን በ1982 መልሰው ጨምረዋል፤ በ1983 ሃርሊ ዴቪድሰንን ከኪሳራ ለመታደግ ከጃፓን በሚገቡ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥለዋል፤ በ1986 በፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ መኖሪያ ወረቀት ያልነበራቸው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሕጋዊ ነዋሪ ሆነዋል። ይህን የመጨረሻውን እደግማለሁ ብሎ የሚነሣ ዕጩ ዛሬ በሪፐብሊካን ፓርቲ የውስጥ ምርጫ፣ ማለትም በፕራይመሪ፣ አንድ ሳምንት አይዘልቅም። ስለዚህ እንመለስበት የሚባለው ዘመን በተግባር ከነበረው ዘመን ጋር አይገጥምም።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የጋራው ጠላት ጠፋ፤ ጠቡም ውሎ አላደረም። በ1992 የቴሌቪዥን ተንታኙ ፓት ቡካነን በሥልጣን ላይ የነበሩትን የራሳቸውን ፓርቲ ፕሬዚዳንት፣ አባትየውን ጆርጅ ቡሽን፣ በፕራይመሪ ተገዳድረው በኒው ሃምፕሸር 37 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። የያዙት አጀንዳ ጦር ወደ ውጭ መላክ ይብቃ፣ ከሜክሲኮ ጋር የሚታሰበው የነጻ ንግድ ውል ሠራተኛውን ይጎዳል፣ ድንበሩ ይጠበቅ የሚል ሲሆን «አሜሪካ ትቅደም» የሚለውንም መፈክር አንግበው ነበር። ትራምፕ በዚያን ጊዜ ፖለቲከኛ ሳይሆኑ የሕንፃ ነጋዴ ነበሩ።

ቡካነን ተሸነፉ፤ ያነሡት ቅሬታ ግን ከሥር እየተጠራቀመ ሄደ። ልጅየው ቡሽ በ2003 ኢራቅን ወረሩ፤ ለዚህም ከግራው ጎራ የመጡትና ኒዮኮንሰርቫቲቭ የሚባሉት ምሁራን ዋነኛ ተከራካሪዎች ነበሩ። ቡሽ በ2007 የደገፉት የስደተኞች ሕግ ማሻሻያ በራሳቸው ፓርቲ መራጮች ተቃውሞ ጭምር በሴኔት ወደቀ። መስከረም 29 ቀን 2008 ባንኮችን ለመታደግ የታቀደው የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ከሪፐብሊካኖቹ የደገፉት 65 ብቻ ሲሆኑ 133ቱ ተቃወሙ፤ ከቀናት በኋላ ተሻሽሎ ቢያልፍም የመንግሥትን ወጪና ዕዳ በመቃወም በ2009 ለተነሣው የቲ ፓርቲ እንቅስቃሴ ዋና ምክንያት ሆነ። በ2014 በምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች ሁለተኛ ሰው የነበሩት ኤሪክ ካንተር እዚሁ ጎረቤት ቨርጂኒያ ውስጥ በፕራይመሪ በአንድ እምብዛም በማይታወቅ የኢኮኖሚክስ መምህር ተሸነፉ። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ትራምፕ የካቲት 2016 በሳውዝ ካሮላይና ክርክር ላይ የኢራቅ ጦርነት ትልቅ ስሕተት ነበር ብለው የቡሽን ቤተሰብ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ወግ አጥባቂ በሚባለው በዚያው ክፍለ ግዛትም አሸነፉ። ናሽናል ሪቪው ትራምፕን በመቃወም ሙሉ እትም ካወጣ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። የመጽሔቱ አንባቢና የፓርቲው መራጭ አንድ አለመሆናቸው በዚያ ሰሞን በግልጽ ታየ።

እንግዲህ ክርክሩ ዛሬ በምን ላይ ነው? ብዙ ሰው ለዘብተኞችና አክራሪዎች የሚል መስመር ያሠምራል፤ ይህ መስመር ግን ብዙ አያስረዳም። ዋናው ልዩነት የመንግሥት ሥልጣን ለምን ይዋል የሚለው ነው። ነባሮቹ ሥልጣን በማንም እጅ ቢሆን ይገደብ ይላሉ፤ አዲሶቹ ደግሞ ተቃዋሚዎቻችን ዩኒቨርሲቲውን፣ መገናኛ ብዙኃኑንና ትልልቁን ኩባንያ ይዘው ሳለ እኛ የያዝነውን አንድ መሣሪያ፣ መንግሥትን፣ እጃችንን አጣጥፈን የምናስቀምጠው ለምንድን ነው ይላሉ። ይህ ክርክር በአደባባይ የፈነዳው በ2019 ሲሆን ተከራካሪዎቹ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ካቶሊኩ ሶህራብ አህማሪና ወንጌላዊው ዴቪድ ፍሬንች ነበሩ። መነሻው በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ ሴት የለበሱ ወንዶች ለሕፃናት መጽሐፍ የሚያነቡበት ዝግጅት መጠራቱ ነው። ሁለቱም ዝግጅቱን አይወዱትም። ፍሬንች ግን የሕዝብ አዳራሽን ለእነርሱ የሚከፍተው ሕግ ለቤተ ክርስቲያንም የሚከፍተው ያው ሕግ ስለሆነ አይነካ ሲሉ፣ አህማሪ የጋራ በጎነትን በሕግ የማያስከብር ፖለቲካ ለአማኙ ምን ይጠቅመዋል አሉ። በዚያው ዓመት እስራኤላዊው ጸሐፊ ዮራም ሃዞኒ ዋሽንግተን ላይ የብሔራዊ ወግ አጥባቂነት ጉባኤ ጠሩ፤ በቀጣዩ ዓመት የሃርቫርዱ የሕግ ምሁር ኤድሪያን ቨርሚዩል ሕገ መንግሥቱም ለጋራ በጎነት ሲባል መተርጎም አለበት ብለው ጻፉ።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንመልከት። በ2022 ፍሎሪዳ በታችኛዎቹ ክፍሎች ስለ ፆታ ማንነት ማስተማርን የሚገድብ ሕግ ስታወጣ ዲዝኒ ኩባንያ ተቃወመ። አገረ ገዥው ሮን ዲሳንቲስ በምላሹ ኩባንያው ከ1967 ጀምሮ በመዝናኛ ሥፍራው ዙሪያ ራሱን በራሱ ያስተዳድርበት የነበረውን ልዩ ወረዳ የሚያፈርስ ሕግ ፈረሙ። ሕጉን የደገፉ ወግ አጥባቂዎች ከሕዝብ ልዩ መብት እየተቀበሉ በሕዝብ ላይ መሳለቅ አይቻልም አሉ። የተቃወሙትም፣ እነርሱም ወግ አጥባቂዎች ናቸው፣ መንግሥት አንድን ኩባንያ በተናገረው ነገር ምክንያት ሲቀጣ ዝም ካልን ነገ ሌላ አገረ ገዥ ቤተ ክርስቲያናችንን ሲቀጣ ምን እንመልሳለን አሉ። ሁለቱም ወገኖች በትምህርት ቤቱ ሕግ ይስማሙ እንደነበር ልብ ይበሉ። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

በኢኮኖሚ ጉዳይ ከንግግሩ ይልቅ የድምፅ አሰጣጡን ማየት ይበጃል። ፓርቲው የሠራተኛው ፓርቲ ሆኗል የሚሉ አሉ፤ በሐምሌ 2024 የቲምስተርስ ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት በሪፐብሊካን ጉባኤ መድረክ ላይ ቆመው መናገራቸውም ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ የግብር ቅነሳውን አስቀጥሎ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ሕክምና የሚውለውን ሜዲኬይድ በብዙ ይቀንሳል፤ የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤትም በ10 ዓመት ውስጥ የአገሪቱን ጉድለት በ3.4 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያሰፋው ገምቷል። የሚዙሪው ሴናተር ጆሽ ሃውሊ ሜዲኬይድ አይነካ ብለው በብርቱ ከጻፉ በኋላ ድጋፋቸውን ሰጡ። በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ214 ሲያልፍ የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንደኛው ዕዳ አይጨመር በሚለው የቆየ አቋማቸው የጸኑት የኬንታኪው ቶማስ ማሲ ነበሩ። የሜሪላንድ ብቸኛ ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባልና የፍሪደም ኮከስ (በምክር ቤቱ ያሉ ጠንካራ ወግ አጥባቂዎች ስብስብ) ሊቀ መንበር አንዲ ሃሪስም በግንቦት ድጋፍም ተቃውሞም ሳይሰጡ «ተገኝቻለሁ» ብቻ ካሉ በኋላ በሐምሌ ደግፈዋል። ስለ ቀረጥም ተመሳሳይ ነው፦ ብዙ የሴኔት ሪፐብሊካኖች በግል ያጉረመርማሉ፤ ስማቸው ተጠርቶ ድምፅ ሲሰጥ ግን የሚቃወሙት ጥቂት ናቸው።

በውጭ ጉዳይ ሁለት ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ወገን አለ፦ አሜሪካ በየቦታው ጠላቷን ትመክት የሚለው፣ ጉልበቷን ለቻይና ታስቀምጥ የሚለው፣ ከሌሎች ጦርነት ትውጣ የሚለው። እነዚህን ለመለየት ሚያዝያ 20 ቀን 2024 ጥሩ ቀን ነው። በዚያ ዕለት የተወካዮች ምክር ቤት 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነውን የዩክሬን ዕርዳታ በ311 ለ112 ሲያሳልፍ የተቃወሙት 112ቱም ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ የደገፉት ሪፐብሊካኖች 101 ናቸው። በዚያው ዕለት ለእስራኤል የቀረበውን ዕርዳታ የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች ግን 21 ብቻ ናቸው። እንግዲህ «ጦርነት በቃን» የሚለው ቃል በሁሉም አፍ አንድ ትርጉም የለውም፤ ጦርነት ጠል ናቸው ብለው የመረጧቸው ሰው በሌላ ሜዳ ለጦርነት ሊቸኩሉ ይችላሉ። ሰኔ 2025 የኢራን የኑክሌር ተቋማት ከመደብደባቸው ጥቂት ቀናት በፊት የመገናኛ ብዙኃን ተንታኙ ታከር ካርልሰን ሴናተር ቴድ ክሩዝን ስለ ኢራን የሕዝብ ብዛት ጠይቀዋቸው ሴናተሩ መመለስ ያልቻሉበት ቃለ ምልልስ የዚህ ጠብ መታወቂያ ሆኗል። ነገር ግን ከዚያ ክርክር ማን እንደረታ ከማየት ይልቅ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ ማየት ይሻላል።

ስደተኞችን በሚመለከት ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል፤ ስለዚህ በወሬ ሳይሆን በሕግ መጽሐፍ እንነጋገር። በዓመት እስከ 55 ሺህ ሰው ያስገባ የነበረውና ብዙ ኢትዮጵያውያን የመጡበት የዲቪ ሎተሪ የተመሠረተው ሪፐብሊካኑ አባትየው ጆርጅ ቡሽ በፈረሙት በ1990ው ሕግ ነው። በ2017 ሴናተሮቹ ቶም ኮተንና ዴቪድ ፐርዱ ዲቪን የሚያስቀርና ቤተሰብ ማምጣትን በእጅጉ የሚያጠብ ረቂቅ አቅርበው ትራምፕም ደገፉት፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የተማረ ባለሙያ ከውጭ ይግባ በሚሉት በኢለን መስክና አይግባ በሚሉት በቀድሞው የትራምፕ አማካሪ በስቲቭ ባነን ወገኖች መካከል ጠቡ ጦዘ። በቀጣዩ መስከረም ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች በሚሰጠው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ሲጣል፣ ለ2026 የበጀት ዓመትም ከአገራቸው ሸሽተው የሚገቡ ጥገኞች (ሬፊዩጂዎች) ጣሪያ 7,500 ሆኖ ሲወሰን የየትኛው ወገን ሐሳብ እንዳየለ ታየ። «የሚቃወሙት ሕገ ወጡን ብቻ ነው» የሚለው አባባል ለአንዳንዶቹ እውነት ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ሕጋዊውም ይቀነስ የሚለው ወገን አቋሙን አይደብቅም፤ በጽሑፍ አስፍሮታል። ከዚያው ከሃይማኖተኛው ጎራ ደግሞ ወርልድ ሪሊፍን የመሰሉ የወንጌላውያን ድርጅቶች ጥገኞችን በማስፈር ሥራ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል።

ይህ ወደ ሌላው እርማት ያደርሰናል። ሃይማኖተኛ መሆንዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አይነግርዎትም። ፔፕፋርን ይመልከቱ። ልጅየው ቡሽ በ2003 ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር መድበው የጀመሩት ይህ የኤችአይቪ መርሐ ግብር የወንጌላውያን ድጋፍ የነበረው የወግ አጥባቂዎች ሥራ ሲሆን ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 15 ተመራጭ አገሮች አንዷ ነበረች። በ2023 ለአምስት ዓመት ይታደስ ሲባል ግን ገንዘቡ ፅንስ ማቋረጥን ለሚደግፉ ድርጅቶች ይደርሳል የሚሉ ወግ አጥባቂዎች አገዱት፤ በውጤቱም የተገኘው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ብቻ ነው። በ2025 ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋና ኮንግረሱ ቀድሞ የፈቀደውን ገንዘብ እንዲሰርዝ ሲጠየቅ ደግሞ ከፔፕፋር ሊነሣ የነበረውን 400 ሚሊዮን ዶላር ከዝርዝሩ ያስወጡት የሴኔት ሪፐብሊካኖች ራሳቸው ናቸው። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ፣ በአንድ ፓርቲ ውስጥ፣ በአንድ መርሐ ግብር ላይ ሁለት አቋም ማለት ይህ ነው። በፅንስ ማቋረጥም እንዲሁ ሆኗል፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን የቀድሞውን ውሳኔ ከሻረ በኋላ አገር አቀፍ ክልከላ ይውጣ በሚሉትና ለየክፍለ ግዛቱ ይተው በሚሉት መካከል ክፍፍሉ ሰፋ፤ የ2024ቱ የፓርቲው መርሐ ግብርም ወደ ሁለተኛው አዘነበለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባክሊ በዘመናቸው የሴራ ወሬ ይነዙ የነበሩትን የጆን በርች ማኅበር መሪ ከእንቅስቃሴው አውግዘው ለይተዋል። ዛሬ እንዲህ የሚለይ ዳኛ የለም። ጥቅምት 2025 ታከር ካርልሰን አይሁድን በግልጽ የሚያጥላላውን ኒክ ፉዌንቴስን ለዘብ ባለ ቃለ ምልልስ ሲያስተናግዱ ታዋቂ የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም የሆነው የሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ኬቨን ሮበርትስ ለካርልሰን ቆሙ፤ በተቋሙ ውስጥ ቁጣ ተነሣ፤ ታዋቂው የፕሪንስተን ምሁር ሮበርት ጆርጅም ከቦርዱ ለቀቁ። በዩቲዩብ የሚከታተሉት ተናጋሪ ወግ አጥባቂ ነኝ ስላለ ብቻ የሚሉትን ሁሉ አይቀበሉ፤ በተለይ ሰውን በዘሩ የሚመዝን ንግግር ጥቁር ስደተኛን ነገ እንደማያልፈው አይጠራጠሩ።

ወደ ቀድሞው ይመለሳል ለሚለው መልሴ አይመለስም ነው። ምክንያቱ የትራምፕ ጠባይ ሳይሆን የመራጩ መለወጥ ነው፤ ዲግሪ ያላቸው የከተማ ዳርቻ ነዋሪዎች በብዛት ሲወጡ ዲግሪ የሌላቸው ሠራተኞች በብዛት ገብተዋል፤ በፕራይመሪ የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው። ትራምፕን በፕራይመሪ የተገዳደሩት ኒኪ ሄሊ በ2024 ከውድድር ከወጡ በኋላም በፔንሲልቬኒያ ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ ማግኘታቸው ነባሩ ወገን እንዳልሞተ ያሳያል፤ ነገር ግን ዕጩ ለማሸነፍ የሚበቃ አይደለም። ነባሩ አስተሳሰብ ይበልጥ የሚቆየው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው፤ ዳኞች ዕድሜ ልካቸውን ይሾማሉና። ከ2028 በኋላ ፓርቲውን ማን ይመራዋል የሚለውን ዛሬ የሚነግርዎ ሰው ቢያገኙ አይመኑት።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ እውነተኛውን ወግ አጥባቂ ፍለጋውን ይተዉትና ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጡትን ሁለት ጉዳዮች ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያ ዕጩው በነዚያ ጉዳዮች ላይ ስሙ ተጠርቶ የሰጠውን ድምፅ በኮንግረሱ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ። «ስመ ሪፐብሊካን» እና «ከሃዲ» የሚሉትን ስድቦች ከቁጥር አያስገቡ፤ የዕለቱን የኃይል ሚዛን እንጂ አቋምን አይነግሩም። ከሁሉ በላይ በሜሪላንድ ፕራይመሪ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ መራጭ ብቻ ስለሆነ ገለልተኛ ሆነው አይመዝገቡ። በ2022 የሆነውን ያስታውሱ፦ ሁለት ጊዜ የተመረጡት ለዘብተኛው አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን የደገፏቸው ኬሊ ሹልዝ በፕራይመሪው ትራምፕ በደገፏቸው ዳን ኮክስ ተሸነፉ፤ ኮክስን በቀላሉ እናሸንፋቸዋለን ያሉት የዴሞክራት አገረ ገዥዎች ማኅበር እንኳ ስማቸውን ለማጉላት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። በኅዳሩ ምርጫ ዌስ ሙር እጥፍ ድምፅ ይዘው አሸነፉ። በዚያ ዓመት በወግ አጥባቂዎቹ መካከል ምርጫ የነበረው በሐምሌ እንጂ በኅዳር አይደለም፤ በኅዳር ብቻ የወጣ ሰው የቀረበለትን ከመውሰድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ዴሞክራት ሆነው መመዝገብ ከመረጡም ምክንያቱ ያው ነው፤ በእርስዎ ወረዳ ወንበሩን የሚወስነው የዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ከሆነ በዚያ መገኘት ይበጃል። የፓርቲ ምዝገባ መቀየሪያው ከፕራይመሪው ዕለት አስቀድሞ ስለሚዘጋ ቀነ ገደቡን ከክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቦርድ ዛሬውኑ ይጠይቁ።